እንፋሎት ላይ የታሰረው መጅ

መካነ ሰላም መጥታችሁ ዘይነብ የምትባል ነጋዴ ብትጠይቁ፣ «የትኛዋ? ፈሪዋ?» ይሏችኋል። አዎ፣ ፈሪዋ በሏቸው፤ ቤቴን አስተካክለው ያሳዩዋችኋል። ስሙ የወጣልኝ በአንድ ቀን ነው። ያን ቀን ያደረግሁትን ዛሬም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። ብትፈርዱብኝም አይገርመኝም፤ ከእናንተ በፊት ሽማግሌ ተቀምጦብኛል።

ያኔ የሞራና የቆዳ ነጋዴ ነበርኩ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን ትምህርቴን የጨረስኩት ከላላ ገበያ ላይ ነው። እዚያ ያሉ አስተማሪዎች አይገርፉም፣ ያታልላሉ፤ ስለዚህ ትምህርቱ አይረሳም። ቆዳም ጊዜ ነበረው፤ ከከላላና ከወረኢሉ እየሰበሰብኩ ለሐጂ እንድሪስ መጋዘን አስረክብ ነበር። ኋላ ላይ ቆዳ ገዢ አጣ። ሰው የአረፋ በጉን አርዶ ቆዳውን አጥር ላይ ጥሎ የሚረሳበት ዘመን መጣ። ሐጂ ባዶ መጋዘን ታቅፈው ቀሩ፣ እኔ የማይሸጥ ሞራ ታቅፌ ቀረሁ። ሁለት የከሰሩ ሰዎች ሲገናኙ ወይ ይጣላሉ ወይ ፋብሪካ ይከፍታሉ። እኛ ሳሙና መቀቀል ጀመርን፤ መጣላቱ በኋላ መጣ።

ሳሙና ምስጢር የለውም። ሞራ፣ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ አብረው ይቀቀላሉ። መከራው መቀቀሉ ላይ ነው። አገራችን ደጋ ነው፤ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል እንጂ አያበስልም። ባቄላ የሚቀቅል ሰው ድስቱን ከድኖ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጭናል፤ አለዚያ እንጨቱ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይበስልም። ሙሽራ ገና ስትገባ አማቷ ከምታሳያት ነገር አንዱ ድንጋዩ የት እንደሚቀመጥ ነው። የእኛም ሳሙና በክፍት በርሜል ሲቀቀል ቀኑን ሙሉ እንጨት ይበላ ነበር።

በመጨረሻ መምህር ታደለን አማከርን። ታደለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ ጫማው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ነው። በርሜላችንን ዞሮ አየና፣

«የከፍታ ነገር ነው» አለ። «ከድነን እንፋሎቱን ብናፍነው ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሥራው ይፈጥናል።»

ሐጂ ሳቁበት። «አንተ! ይኼ እኮ የባቄላ ድንጋይ ነው። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የከረምከው?»

«አዎ ሐጂ። የእኔ ድንጋይ መጠን አለው፣ ልዩነቱ እሱ ነው።»

ከዚያ የብረት ጋን ተነደፈ። ስሙን ጋን ያሉት ሐጂ ናቸው። ንድፉ ላይ የተከራከርነውን ክርክር የበሬ ገበያ ላይም አላየሁም። መምህሩ ብረቱ ወፍራም ይሁን ይላል፤ ሐጂ ወፍራም ብረት ለመሞቅ ሰነፍ ነው፣ እንጨቴን ይጨርሳል ይላሉ። «ስስ ከሆነ አንቱን ይጨርሳል» ይላል መምህሩ። እኔ መሀል ገብቼ እንደ ደላላ አስማማኋቸው፤ ብረቱ ወፍራም ይሁን፣ ጋኑ ግን ይነስ። መምህሩ ደግሞ የምድጃው አፍ ከድንጋይ ግንብ ኋላ ይሁን አለ፤ እሳት የሚቆሰቁሰው ሰው ግንቡ እንዲከልለው። ሐጂ ለድንጋዩ አለቀሱ። ግንቡ ግን ተሠራ።

ክዳኑ በቡሎን ይታሰራል። ከላዩ ክንድ ያለው ቫልቭ አለ፤ በክንዱ ጫፍ መምህሩ ራሱ የመዘነው ብረት ተንጠልጥሏል። የውስጡ እንፋሎት ከልክ ሲያልፍ ክንዱን አንስቶ እያፏጨ ይወጣል፣ ሲቀንስ ተመልሶ ይዘጋል። አጠገቡ ግፊቱን የሚለካ ጌጅ አለ፤ መርፌው ቀዩን መስመር ማለፍ የለበትም። ያስረከበን ቀን መምህሩ ሦስታችንን፣ ማለት እኔን፣ ሐጂንና እሳት የሚያነደውን ጀማልን፣ እንደ ተማሪ አሰልፎ እንዲህ አለን፦

«ሲያፏጭ አትፍሩት። እሳቱ እየነደደ ዝም ካለ ያኔ ፍሩት። ውስጡ ያለው ወጥ አይደለም፣ የፈላ ኮስቲክ ነው። ያገኘውን ዐይን አይመልስም።»

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የምድጃችን ጀርባ ከጎረቤታችን ከሸሁ ቁርኣን ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ነው የሚጋራው። የመካነ ሰላምን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኛ እሳት ካነደድን ወዲህ የሸሁ ደረሶች፣ እነዚያ ትንንሽ ልጆች፣ የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ሉሓቸውን፣ ታቅፈው ጀርባቸውን ለሞቀው ግድግዳ ሰጥተው ነበር ቁርኣን የሚቀሩት። ሸሁም «አላህ ይስጣችሁ፣ ልጆቼን አሞቃችሁልኝ» እያሉ ይመርቁን ነበር።

ወደዚያች ቀን ልምጣ። ሙላት የሚባል የደሴ ነጋዴ ከጭነት መኪናው ጋር መጣ። ሳሙናችንን አሽትቶ፣ ልሶ፣ በውሃ አሽቶ ካበቃ በኋላ ግቢው መሀል የላስቲክ ወንበር አስቀርቦ ተቀመጠ።

«ጥራቱን ወድጄዋለሁ» አለ። «እኔ ግን የምፈልገው ብዛት ነው። ከአሁን እስከ መግሪብ ሦስት ጊዜ ቀቅላችሁ ካሳያችሁኝ የዓመት ውል እንዋዋላለን። ካልሆነ ሻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ።»

የዓመት ውል! ሐጂ ያን ባዶ መጋዘን ደግመው ሙሉ ሊያዩት ነው። ጀማል ሚስት ሊያገባ ነው። እኔም ከቆዳ ሽታ ልላቀቅ ነው።

የመጀመሪያው ቅቅል እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሁለተኛው ላይ ነገር ተበላሸ። ሌሊቱን ዘንቦ እንጨቱ ረጥቧል፤ ነፋሱ ደግሞ ከገደሉ አፍ ተነስቶ ግቢያችን ውስጥ ይዞር ጀመር። ጋኑ ያፏጫል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ያፏጫል፤ ሳሙናው ግን አልደርስ አለ። ሙላት ስልኩን ያያል፣ ፀሐይን ያያል፣ እኛን ያያል።

«ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አለ።

«እንፋሎት ነው፣ ከልክ ሲያልፍ ይወጣል» አልኩት።

«እንጨታችሁ እኮ ነው እየወጣ ያለው! ይህን ሁሉ አየር ላይ እየበተናችሁ ነው ሦስት የምትቀቅሉት?»

የሐጂን ፊት አየሁት። ሐጂ በሀብታቸው ቢሰድቧቸው ይስቃሉ፤ አባካኝ ብሎ የሰደባቸውን ግን እስከ ቂያማ አይረሱም። ሰውየውን ከፊታቸው ዞር ላድርግ ብዬ፣ «አቶ ሙላት፣ መጋዘን ይግቡና የደረቀውን ይዩልኝ» አልኩና ይዤው ገባሁ።

መጋዘኑ ውስጥ ስለ ሳሙናው ክብደት ስንከራከር በድንገት የልጆች ድምፅ ሰማሁ። ደረሶቹ ቁርኣን እየቀሩ ነው። ጥርት ያለ፣ እያንዳንዱ ቃል የሚለይ። «ማሻ አላህ፣ ምን ያምር ድምፅ ነው» አለ ሙላት። እኔም እንዲያው ልቤ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ ክርክሩን ተውኩት። ጋኑ በሚነድበት ሰዓት እነዚያን ልጆች እንዲህ አጥርቼ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ፉጨቱ ይውጣቸው ነበርና።

ወጣሁ። ጀማል ከግንቡ ኋላ ሆኖ ከሐጂ ቤት የመጣ ደረቅ ወይራ እየማገደ ነው። ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ፈንጠር ብለው ቆመዋል፤ ፊታቸው የልጅ ሠርግ የደገሰ ሰው ፊት ነው። ቀና አልኩ። የቫልቩ ክንድ ላይ፣ ከመምህሩ ብረት አጠገብ፣ መጅ በሽቦ ተጠፍሯል። መጅ፣ እህል የሚፈጭበት፣ የወፍጮው ላይኛ ድንጋይ።

«ጀማል! ምንድን ነው ይኼ?»

«ሐጂ ናቸው እታለም። ባቄላም ያለ ድንጋይ አይበስል ብለው...»

«ቁጣሽን ተይው ልጄ» አሉ ሐጂ። «አየሽ፣ ዝም አለ። አሁን ያበስላል። አንድ መጅ ነው የጨመርንበት።»

ጌጁን ለማየት ቀረብ አልኩ። መርፌዋ ቀዩን አልፋለች። ቁጥሩንም አልፋለች። ጌጁ የሚያልቅበት ሚስማር ላይ ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ በላይ ውስጡ ምን ያህል እንዳለ የሚነግረን ፍጡር የለም።

ስልኬን አንስቼ ለመምህሩ ደወልኩ። በሹክሹክታ መለሰ፤ «ዘይነብ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ።»

«ቫልቩ ላይ መጅ ታስሯል።»

«ምን?»

«መጅ! የወፍጮ!»

«ጌጁስ?»

«አልቋል።»

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ስሚኝ። ድንጋዩን አትንኩት። በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁት የፈላው ሁሉ አረፋ ሆኖ ይወጣል፣ ያነሳውን ሰው ይቀቅለዋል። ውሃ አታፍስሱበት። ቡሎን አትፍቱ። እሳቱን ከግንቡ ኋላ ሆናችሁ ሳቡት፣ ሰዉን አስወጡ፣ ከዚያ ጠብቁ። መጣሁ።»

«ጀማል፣ እሳቱን ሳብ! አውጣው ሁሉንም!»

«እሳቱን አትንካ!» አሉ ሐጂ። ከዘራቸው ጀማልና ምድጃው መሀል ገባ። «ሰውየው እያየን! ገና ሦስተኛው አለብን። አንቺ ልጅ ምን ነካሽ?»

«ሐጂ፣ ሊፈነዳ ይችላል።»

«ይችላል፣ ይችላል! ሰማይም ሊወድቅ ይችላል። ይኼ ብረት በእኔ እንጨት ነው የሞቀ፣ በእኔ ግቢ ነው የቆመ።»

«ከግድግዳው ወዲያ ልጆች አሉ።»

«አላህ ይጠብቃቸዋል።»

«አላህ እኮ ጌጅ ሰጥቶናል፣ ሐጂ!»

ይህን ስል ጮኼ ነው። ሙላት ከመጋዘኑ ደጃፍ ሆኖ ያያል። ጀማል መቆስቆሻውን እንደያዘ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐጂን ያያል። ፍረዱበት፤ ያሳደጉት ሐጂ ናቸው፣ በእሳቸው ቃል ላይ አይራመድም። ሐጂን በክርክር ላሸንፋቸው አልችልም፤ ቆዳ ሲገዙ አይቻቸዋለሁ፣ እስከ መግሪብ ይከራከራሉ። በጉልበትም አላወጣቸውም። ታዲያ ነጋዴ ነኝና ሰውየው የማይለቀው ነገር ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዘራቸውን ከእጃቸው መንጭቄ ሮጥኩ።

የእኛን አገር የማታውቁ እንደ ቀልድ ታዩት ይሆናል። የሽማግሌ ከዘራ መንጠቅ ጢሙን ከመጎተት አይተናነስም። ከወራት በፊት ቢነግሩኝ እኔም «ያቺን ሴት ምን ነካት» ባይ ነበርኩ። ሐጂ መጀመሪያ ማመን አቃታቸው። ከዚያ «ከዘራዬን! ይቺ ባለጌ ከዘራዬን!» እያሉ፣ ጉልበት ያመኛል የሚሉት ሰውዬ፣ ነጠላ ጫማቸውን እያስጮሁ ተከተሉኝ። በሩን ሳልፍ ዞር ብዬ፣

«ጀማል፣ አሁን ሳብ!» አልኩት። ከልካይ ሲያጣ ጎንበስ ሲል አየሁት።

ቁርኣን ቤቱ በር ላይ ከዘራ ይዤ ስደርስ ሸሁ ቀና አሉ። ልጆቹ ረድፍ ሠርተው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። አንዷ ከሙቀቱ የተነሳ እንቅልፍ ይዟት ጭንቅላቷ ጭቃው ላይ ተለጥፏል። ያን ያየሁትን እስከ ዛሬ ከዐይኔ አላወጣሁትም።

«ሸህ፣ ልጆቹን ያስወጡልኝ።»

«ቂርኣት ላይ ናቸው እኮ። እሳት ተነሳ?»

«ገና ነው።»

«ገና ከሆነማ...»

«ከተነሳ በኋላ አልመጣም ነበር፣ ሸህ። መምጫ አይኖረኝም።»

ሸሁ አንድ ጊዜ አዩኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከኋላዬ እያለከለኩ የሚመጡትን ሐጂን አዩ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ዛሬም ለዚህ ቤታቸው እየሄድኩ እዘይራቸዋለሁ። «ተነሱ ልጆቼ! ወደ ሜዳው! ሉሕ ያዙ!» አሉ። ልጅ መቼም ከትምህርት ውጣ ሲሉት ምክንያት አይጠይቅም፤ እየጮሁ ፈሰሱ። የተኛችውን ሸሁ ራሳቸው አቀፏት። ጥቂቶቹ ደግሞ እሳት ሊያዩ ወደ እኛ በር ሲያመሩ በሐጂ ከዘራ መለስኳቸው። ከዘራው ያን ቀን ያልሠራው ሥራ የለም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ለሐጂ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። «ይኸው ሐጂ። ወደ ግቢው ግን አይመለሱ።» ተቀበሉኝ። አልመቱኝም። «ከዛሬ ወዲያ አንቺና እኔ አንተዋወቅም» አሉኝ።

እኔ ወደ ግቢው ተመለስኩ። ጀማል ብቻውን ነበር። ሙላት ሾፌሩን ይዞ ከመኪናው ጋር ወደ ላይ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ከግንቡ ኋላ ተጎንብሰን ወይራውን በመቆስቆሻና በባህር ዛፍ አጣና እየሳብን ጭቃው ላይ በተንነው። ፍሙ ጭቃው ላይ ቿ ሲል ጋኑ ውስጥ ደግሞ አንዳች ነገር ይንቋቋ ነበር፤ ብረት ሲጨነቅ የሚያሰማው ድምፅ አለው፣ ሰምታችሁ አታውቁ እንደሆነ አላህ አያሰማችሁ። በተንቋቋ ቁጥር ሁለታችንም ግንቡ ላይ እንለጠፋለን። ሐጂ ያለቀሱለት ግንብ!

«እታለም፣ ልውጣና ሽቦውን ልቁረጠው?» አለኝ ጀማል። «እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«ሚስት ልታገባ አይደለም? ፊትህ ያስፈልግሃል። ተቀመጥ።»

ምድጃው ባዶ ሲሆን እኛም ወጥተን በሩ ላይ ቆምን። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር። ለነጋዴ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። ሙላት ከመኪናው መስኮት አንገቱን አወጣ።

«ስሚ እህቴ» አለኝ፤ «ሦስት ቅቅል ለማየት ነው የመጣሁት። ያየሁት ግን ሽማግሌ ስታስሮጪ፣ ሕፃናት ስትበትኚ፣ እሳት ስታጠፊ ነው። ከፈሪ ጋር ንግድ አይሆንልኝም።»

«መልካም መንገድ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? መኪናው ዞሮ ሲወርድ ሐጂ ሜዳው ላይ ቆመው በዐይናቸው ሸኙት፤ ስሜም ከመኪናው አቧራ ጋር ከተማው ውስጥ ተበተነ። ማታ ቤቴ ስገባ ጎረቤቴ ፈሪዋ ብላ ነው የተቀበለችኝ።

ወደ ዓስር ሶላት ግድም መርፌዋ ሚስማሩን ለቀቀች። መምህሩ ዳገቱን በሩጫ ወጥቶ ደረሰ፤ ተቀምጦ ትንፋሹን እየሰበሰበ ከሩቅ ያያት ጀመር። ቀዩ ጋ ወረደች። ከቀዩም ወረደች። ዜሮ ላይ ተኝታ፣ ብረቱ እጅ የሚያስነካ እስኪሆን ከጠበቀ በኋላ ወጥቶ መጁን ፈታ፤ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አላላ። ክዳኑ ሲነሳ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ሳሙናው እንደ ማር የለሰለሰ፣ አንዲት የሞራ እንክብል የሌለበት፣ በሕይወቴ ያየሁት ምርጥ ሳሙና ነበር።

ሐጂ ከበሩ ሆነው በከዘራቸው ጠቆሙት። «ይኸው! በስሏል! ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። መምህር፣ አንተ እውነቱን ተናገር፤ ይፈነዳ ነበር?»

መምህር ታደለ ክዳኑን፣ ብየዳውን፣ ቡሎኖቹን በጣቱ እየዳሰሰ ረጅም ጊዜ ወሰደ። እኔ በልቤ «አዎ በል፣ አንተ ሰውዬ፣ አዎ በል» እለዋለሁ።

«አላውቅም ሐጂ» አለ። «ወፍራም ብረት ነው። ሊችለውም ይችል ነበር።»

አለቀልኝ። ሐጂ ያንን ቃል ይዘው በመካነ ሰላም ሱቅ ሁሉ ዞሩ። «መምህሩ ራሱ ይችላል ብሏል!» ከሣምንት በኋላ ገበያ ላይ ሞራ የሚሸጥልኝ ሰው፣ «ዘይነብ፣ ይኼ ሞራ ነው፣ አይፈነዳም» ይለኝ ጀመር። ከተማው እየሳቀ ነው። ሳቁን እችለው ነበር። ሐጂ ግን የግቢውን በር ዘጉብኝ፤ ጋኑ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ሽማግሌ ተላከብኝ።

በሐጂ ሳሎን ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሸሁ፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ የሰፈራችን ትልቅ ሰው። መምህሩም ተጠርቷል። ነገሩ ተወራ፣ ተመዘነ። ፍርዱ አጭር ነው፤ ትልቅ ሰው ደፍረሻል፣ እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ጠይቂ።

«እሺ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ በቶሎ እሺ እላለሁ ብለው አልጠበቁም። ወጣሁና፣ የግቢው በር ለሽማግሌ ተከፍቶ ነበርና፣ መጁን ከጋኑ አጠገብ ካስቀመጡበት አንስቼ ማጅራቴ ላይ ጭኜ ገባሁ። ከባድ ነው፤ እንደዚያ መክበዱን ያኔ ነው ያወቅሁት። ሐጂ እግር ሥር ጎንበስ አልኩ።

«ሐጂ፣ ስለ ከዘራዎ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ» አሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ሊያወርዱልኝ።

ራሴ አወረድኩትና ምንጣፉ ላይ፣ ፊታቸው አስቀመጥኩት። «ስለ እሳቱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

«ዘይነብ!» አሉ ቄሱ።

«ይተዉኝ አባ፣ ልጨርስ። ሐጂ ብረቱ ይችላል ይላሉ። መምህሩም ሊችል ይችላል ብሏል። እኔም ዛሬ አልከራከርም። ይኸው መጁ። ጀማልም አለ፣ ወይራም አለ። እንሰረውና እናንድደው። ያኔ እንደነበረው መርፌዋ ሚስማሩን እስክትደገፍ። እኔና አንቱ ቁርኣን ቤት እንግባና ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን እንቀመጥ። ሸሁም ልጆቹን እንደ ወትሮው ያስቀምጡ። ብረቱ ከቻለ ፈሪዋ ነኝ፣ በከተማው መሀል ልሰደብ።»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን አቆሙ። ሐጂ መጁን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ልጆቹ ባሉበት?» አሉ ቀስ ብለው።

«ያኔም ነበሩ፣ ሐጂ።»

ያኔ ያየሁትን የሐጂን ፊት መጋዘን ሙሉ ቆዳ ባገኝ አልለውጠውም። ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። ከዘራቸውን ከአንድ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። በመጨረሻ ወደ ጓዳ ዞር ብለው፣

«አንቺ!» ብለው ባለቤታቸውን ጠሩ። «መጅሽ ተገኝቷል፣ ነይ ውሰጂ። ከሣምንት በላይ በጎረቤት ስትፈጪ ከረምሽ።»

ቄሱ ናቸው ቀድመው የሳቁት። ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ተመራረቅን። ማን እውነት እንደነበረው የተናገረ ሰው የለም፤ እኛ አገር እርቅ እንዲህ ነው። በማግስቱ ግን አንድ በያጅ ወደ ግቢው ገብቶ ቫልቩን በብረት ቅርጫት ሲሸፍነው አየሁ። እንፋሎት ይወጣበታል፣ እጅም ድንጋይም አይገባበትም። «ማን ላከህ?» አልኩት። «ሐጂ። ማንም እንዳይሰማ ብለዋል» አለኝ።

ሐጂ ሰነፍ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ብቻቸውን ጋኑን ሲዞሩ አገኘኋቸው፤ እጃቸውን ወደ ብረቱ ያስጠጋሉ፣ ያርቃሉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ እንጨቴ ይባክናል ያልኩት ውሸት አይደለም። ሌባውን ነው የሳትኩት። ሌባው ብርዱ ነው፤ በጎን በኩል ነው የሚሰርቀን።» ጋኑን በጭቃና በጭድ እንደ ጋቢ አለበሱት። ለቫልቩና ለጌጁ ግን ጣታቸውን አልሰደዱም። እንጨቱ በግልጥ ቀነሰ። ኋላ ሁለተኛ ትንሽ ጋን ጨመርን፤ አንዱ ሲበርድ ሌላው ይነዳል፣ ማንም ማንንም አያጣድፍም። የሙላትን ሦስት ቅቅል ዛሬ ምሳ ሳይደርስ እንጨርሰዋለን። ሙላትም ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሐጂ የላስቲክ ወንበር አቀረቡለትና ሳሙናው ለሌላ ሰው ተሸጧል አሉት።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ሥራ ስጀምር የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። ድሮ «ስንት ያስገኛል? በስንት ጊዜ?» ነበር የምለው፤ አሁንም እላለሁ፣ ነጋዴ ነኝ፣ አልመነኮስኩም። ከዚያ በኋላ ግን «ቢሳሳት ማን ላይ ነው የሚደርሰው?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ትርፉ ላይ ቁጭ ብሎ በሚከራከረው ሰው ላይ አይደለም። ከግድግዳው ወዲያ ባለው ላይ ነው፣ ሞቆት በተኛው። እናንተም ወፍጮ ቤት ይኑራችሁ፣ ዳቦ ቤት ይኑራችሁ፣ መኪና ላይ ሰው ጫኑ፣ የሆነ ቦታ የሚያፏጭ ነገር አላችሁ። «ዝም አሰኙትና እንፍጠን» የሚላችሁ ሰውም አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፣ የምታከብሩት ሰው ነው። ያን ጊዜ ለመከበር አትጨነቁ። ይስቁባችኋል፤ ማስረጃ አምጡ ይሏችኋል፤ ማስረጃ ደግሞ አይኖራችሁም፣ ምክንያቱም በጊዜው ደርሳችኋል።

ያቺ ግድግዳው ላይ የተኛችው ልጅ አሁን ረዝማለች። በእኛ በር ስታልፍ አታውቀኝም፣ ሰላምም አትለኝ። ከጓደኞቿ ጋር እየተሳሳቀች ትወርዳለች። እንዲህ ሆና ብታልፍ ነው የምወደው።